ከካሉብ እስከ አሉቶ፦ የት እንቆፍር?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን ጎዴ ላይ ለነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ግድቡንም ጋዙንም የመረቀው መንግሥት አንድ ነው። በጥር 2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ የከለከለውም እሱ ነው። ኮፕ 32 የተባለውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ የሚያስተናግደውም እሱ ነው።

እነዚህን ነገሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ክርክሩም በዚያው ልክ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «የራሳችን ነዳጅ ከመሬት በታች ተኝቶ ለምን ለሰው አገር ዶላር እናፈሳለን?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ውሃ፣ ነፋስና ፀሐይ የሞላት አገር፣ ዓለም ሊተወው የተነሳውን ነገር ለመቆፈር ምን አስቸኮላት?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ፦ ዛሬ የምናቃጥለው ምንድን ነው? ከእሱስ የቱን በየቱ እንተካለን?

ከመብራቱ እንጀምር። ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ከነፋስ ነው። መብራት ለማመንጨት ነዳጅ አናነድም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ናይጄሪያ ወይም ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚካሄደው ክርክር፣ ማለትም የጋዝ ወይስ የፀሐይ፣ የከሰል ወይስ የነፋስ ማመንጫ የሚለው፣ እኛ ዘንድ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። እኛ የምናነደው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በቦቴ ከጅቡቲ የሚመጣው ናፍጣና ቤንዚን ነው፤ የጭነት መኪናውን፣ አውቶቡሱን፣ ትራክተሩን፣ የመስኖ ፓምፑንና መብራት ሲጠፋ የሚጮኸውን ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። ከአገሪቱ ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይሄ ሁለተኛው ሆኖ ሳለ በነዳጅ ክርክር ውስጥ ስሙ የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው።

ወደ ጋዙ ስንመለስ ታሪኩ ረጅም ነው፤ አሰልቺም ነው። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኦጋዴን ውስጥ ፍለጋ ጀመረ። ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ በ1960ዎቹ አጋማሽ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። ደርግ መጣ፣ አሜሪካኖቹ ሄዱ፣ ሶቪየቶች ተተኩና ጉድጓድ ጨመሩ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ እነሱም ወጡ። የዓለም ባንክ ለካሉብ ገንዘብ መደበ፤ ነገሩ ከዳር አልደረሰም። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ለቅቆ ሄደ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ውል ፈረመ። ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚያው ኦጋዴን ውስጥ ሂላላ ላይ በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ መውጣት እንደጀመረ በታላቅ ደስታ ተነገረ። ጋዙን በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ዳመርጆግ ለመውሰድ ከጎረቤት ጋር ስምምነት ተደረሰ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የማዕድን ሚኒስቴር ውሉን አቋረጠ። ዛሬ ካሉብ ላይ የምናየው ሥራ ደግሞ የጎልደን ኮንኮርድ ግሩፕ ነው፤ ከዚያ ከተቋረጠው ውል ባለቤቶች አንዱ የነበረው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ደም ፈሷል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ ላይ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች በፍለጋ ካምፕ ላይ ባደረሱት ጥቃት 74 ሰዎች ተገደሉ፤ 65ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 9ኙ ቻይናውያን ነበሩ። ግንባሩ በ2011 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ፈርሞ ገብቷል። ያም ሆኖ ለኩባንያ ብድር የሚሰጥ ባንክ ይህን አይረሳም፤ የአደጋው ዋጋ በወለዱ ውስጥ ይገባል።

ነዳጅ መፈለግ በራሱ ቁማር መሆኑን ለማየት ደግሞ ደቡብ ኦሞ ይበቃል። ቱሎው ኦይል በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. እዚያ አራት ጉድጓድ ቆፈረ፤ ለገበያ የሚሆን ነዳጅ አላገኘም። ይኸው ኩባንያ ድንበሩን ተሻግሮ ቱርካና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ነዳጅ አግኝቶ ነበር። ኬንያ ጥቂት በቦቴ አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ መርከብ ጭነት ሸጠች፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቆመ፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ዩጋንዳ አልበርት ሐይቅ ዳር ካገኘች ወደ 20 ዓመት ሆኗታል፤ ነዳጁ ወደ ታንዛኒያዋ ታንጋ የሚሄድበት ቧንቧ 1,443 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕር የሌለው አገር ነዳጅ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያገኘው የቧንቧ ዕዳ ነው። ደቡብ ሱዳን ደግሞ ነዳጁም፣ በሱዳን በኩል የሚያልፍ ቧንቧም አላት። የመንግሥቷ ገቢ ከሞላ ጎደል ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሱዳን ውስጥ በጦርነቱ መሃል ቧንቧው ሲበላሽ ግን የገቢዋ ትልቁ ክፍል በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ጁባ ነዳጅ ላይ ተቀምጣ በጄኔሬተር የምታድር ከተማ ናት።

እንግዲህ የካሉብ ጋዝ ምን ያህል ነው? መጠኑ ወደ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ እንደሚሆን የማዕድን ሚኒስቴር የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ማረጋገጫ ይዞ ተናግሯል። ናይጄሪያ ከ200 ትሪሊዮን በላይ አላት። በዓለም ሚዛን የእኛ ትንሽ ነው፤ ለእኛ ፍጆታ ግን ብዙ ነው። ከዚህ ቁጥር የምወስደው ትምህርት ጋዙ ወደ ውጭ ተሽጦ አገር የሚያበለጽግ ሳይሆን እዚሁ ሥራ ላይ ቢውል የሚጠቅም መሆኑን ነው።

አሁን ወደተመረቀው ምዕራፍ እንምጣ። ማምረቻው በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያወጣል ተብሏል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን በቀን ሲካፈል ወደ 300 ሺህ ሊትር ነው። ተሳቢ ያለው ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ስለሚጭን፣ ይህ በቀን ሰባት ቦቴ ማለት ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ደግሞ በውስጡ የያዘው ጉልበት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 60 በመቶው ነው። ስለዚህ ሰባቱ ቦቴ በናፍጣ ሲታሰቡ አራት ገደማ ይሆናሉ። በጋላፊ በኩል አዳሩን የሚነዱትን ቦቴዎች ቆሞ የቆጠረ ሰው አራት ቦቴ በቀን ምን ያህል ጠብታ እንደሆነ ያውቀዋል። ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው የተባለው፤ ያ ከተሳካ ቁም ነገር ይሆናል፤ በተለይ ለረጅም ርቀት ጭነት መኪና። ግን ያኔም ቢሆን የጭነት መኪናዎቹ ሞተር ለጋዝ የተሠራ መሆን አለበት፤ በየመንገዱም ፈሳሹን ከዜሮ በታች ወደ 160 ዲግሪ አቀዝቅዞ የሚይዝ ማደያ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደመር የጋዙ ጥቅም ዛሬ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚታይ ነው።

የጎዴው ማጣሪያ ግን ለእኔ አልገባህ ብሎኛል። በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ድፍድፍ ያጣራል ተብሏል። ይህ በበርሜል ሲመነዘር በቀን ወደ 70 ሺህ ይደርሳል። ሂላላ ላይ በሙከራ የወጣው 450 ነበር። ልዩነቱ ከ150 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ያህል ድፍድፍ ሂላላ ካላወጣች ከውጭ ገብቶ በረሃ አቋርጦ ጎዴ መድረስ ሊኖርበት ነው፤ ያ ደግሞ የተጣራውን ከማምጣት የተሻለ የሚሆንበት ሂሳብ አይታየኝም። አሰብ ላይ እኮ ማጣሪያ ነበረን። በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው፣ ወደብ ላይ የተቀመጠው ያ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. የተዘጋው፣ በአሮጌ መሣሪያ ማጣራት የተጣራውን ከመግዛት ስለተወደደ ነው። ከዚህም በላይ መንግሥት ራሱ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ማጣሪያ ለ30 እና ለ40 ዓመት የሚሠራ ዕቃ ነው። የቤንዚን መኪና እያጠፉ የቤንዚን ፋብሪካ መትከል አንዱን እግር ፍሬን ላይ፣ ሌላውን ነዳጅ ላይ አድርጎ እንደመንዳት ነው።

ማዳበሪያው ላይ ግን የቆፋሪዎቹ ወገን ጠንካራ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ማገዶው ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዕቃውም ነው። ዳንጎቴ ግሩፕ ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ጋር በነሐሴ 2017 የፈረመው ውል ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ነው፤ 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40 በመቶው የእኛ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው የዘር ጊዜው ሲያልፍበት፣ አማራ ክልል ውስጥ ሰልፍ እስከመውጣት የደረሰበትን ወቅት ላስታወሰ፣ ከካሉብ ጋዝ ከዚህ የተሻለ ጥቅም ማሰብ ያስቸግራል። ያቺን ጆንያ ፀሐይም ነፋስም በቀላሉ አይተኳትም። በኤሌክትሪክ፣ ከውሃና ከአየር የዩሪያን መነሻ አሞኒያን መሥራት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ገና ሩቅ ነው። የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። ያዩ ላይ በድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ እንሠራለን ተብሎ ስንት ዓመት ስንት ገንዘብ እንደቀለጠ አገር ያውቃል። ፋብሪካ በፊርማ አይቆምም።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ እዚህም የሚመረመር አለ። «ንጹሕ ኃይል አለን» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ማለታችን ነው፤ ውሃ ደግሞ ዝናብ ነው። በ1995፣ ከዚያም በ2001 እና 2002 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያስታውሳል። ግልገል ጊቤ ሁለት በጥር 2002 በተመረቀ በቀናት ውስጥ ዋሻው ተደርምሶ ሥራ አቆመ። ዛምቢያ ደግሞ ከካሪባና ከመሰል ግድቦች ሌላ የምትተማመንበት ነገር ብዙም ስላልነበራት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ድርቅ ሲመጣ ሕዝቧ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ መብራት የሚያገኝበት ደረጃ ደረሰ። የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ጨምሮልናል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቁም ከደግ ዓመት ወደ ክፉ ዓመት ያሻግራል። ነገር ግን ጠቅላላ ኃይላችን ከድሮው የበለጠ በአንድ ወንዝ ላይ ወድቋል።

ነፋስ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። በብዙው የአገራችን ክፍል ነፋሱ የሚበረታው ዝናቡ ሲያቆም ነው፤ ግድቡ ሲጎድል እሱ ይሞላል። አዳማ አንድና ሁለት፣ አሸጎዳ፣ አይሻና አሰላ ይህን በተግባር አሳይተዋል። የፀሐዩ ነገር ግን ያሳዝናል። በ2012 ዓ.ም. መባቻ የሳዑዲው አክዋ ፓወር ጋድና ዲቼቶ ላይ ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ለመሸጥ ጨረታ አሸነፈ። በወቅቱ በአፍሪካ ከተሰሙት ዋጋዎች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሆኖም ከወረቀት አላለፈም። ችግሩ ፀሐዩ አይደለም። ኩባንያው በብር ተከፍሎት ዶላር ማውጣቱ፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን መሆኑና ሒሳቡ በሰዓቱ መከፈሉ ነው ነገሩን አስሮ የያዘው። የነዳጅ ኩባንያ ነዳጁን በዶላር ይሸጣል፤ የፀሐይ ኩባንያ ግን የሚሸጠው ለእናቶቻችን ምጣድ ነው። ብዙ የውጭ ባለሀብት ንጹሑን ትቶ ወደ ጉድጓዱ የሚያይበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ስለ አየር ንብረት ስናወራ ግን ስለ ሒሳብ ማወራረድ አናወራም።

ስለ ምጣዱ ካነሳሁ ላይቀር፣ በበዓል ዋዜማ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ማንኛውም ቤት ሄዳችሁ ተመልከቱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲሰካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያቃስታል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ከዚያ «ሄደ!» ይባላል። ሊጡ በምጣዱ ላይ በግማሽ እንደበሰለ ይቀራል። ከበሩ ጀርባ ያለው የከሰል ጆንያ የሚፈታው ያኔ ነው። ጉባ ላይ አሥራ ሦስት ተርባይን ቢዞርም፣ ሰፈር ውስጥ ያለችው ያቺ ትራንስፎርመር ካልተቀየረች ዛፉ መቆረጡን አይተውም። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጭራሽ መስመር አልደረሰውም። ይህ ሆኖ ሳለ ኃይል ለቢትኮይን ማዕድን ቆፋሪዎች በብዛት የተሸጠው መስመሩ ወደ ገጠር ስላልደረሰና ዶላር ስለሚከፍሉ ነው። ዶላሩ አይጠላም፤ ግን እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ነገ ጥሎ ይሄዳል።

የኤሌክትሪክ መኪናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ እንደገቡ ይናገራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዓይን ይታያል። ከአራት ቦቴ ይልቅ በናፍጣና በቤንዚን ፍጆታ ላይ ፈጥኖ የሚሠራው ይህ ይመስለኛል። የማደያ ሰልፍ ላይ ሌሊቱን ያደረ የላዳ ሾፌር ስለ ካርቦን ግድ የለውም፤ ሰልፍ የሌለበትን ይመርጣል። ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጎንደር ወይም ጅማ መድረስ የሚፈልግ ሰው ቻርጅ የሚያደርግበትን እያሰላ ነው የሚሄደው። አይሱዙውም፣ ሲኖትራኩም ገና ናፍጣ ነው።

በቦታው ላይ ያለው ሰውም መነሳት አለበት። በ2012 ዓ.ም. በካሉብ ዙሪያ ያሉ አርብቶ አደሮች ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ገባብን፣ ከጋዙ ሥራ የወጣ መርዝ ውሃችንን በከለው ብለው መናገራቸው በውጭ ጋዜጣ ተዘግቧል፤ መንግሥት አስተባብሏል። እውነቱን ማንም በሚያምነው መንገድ መርምሮ ለሕዝቡ ይፋ ቢያደርገው ለኩባንያውም ይጠቅም ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የነዳጅና የጋዝ ገቢ የፌዴራልና የክልል የጋራ መሆኑን ይደነግጋል፤ ግን ግመሉ ለሞተበት ሰው የጋራ ገቢ የሚሉት ነገር ሩቅ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ንጹሕ የሚባለውም እጁ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። ጊቤ ሦስት ሲገነባ የታችኛው ኦሞ ሰዎችና የቱርካና ሐይቅ አሳ አጥማጆች ያሰሙት እሮሮ ከካሉቡ አይለይም። ጋዙን በተመለከተ ግን ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከቧንቧና ከቫልቭ የሚያመልጠውን የሚለካ ሰው ከሌለ፣ ጋዝ ከናፍጣ ይሻላል የሚለው ስሌት ይገለበጣል።

ለመቆፈር ከሆነ ግን ስምጥ ሸለቆው አለ። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የእንፋሎት ማመንጫ በ1990 ዓ.ም. ተተክሏል፤ 7.3 ሜጋ ዋት ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜውን ተበላሽቶ አሳልፏል። መንግሥት የአገሪቱን የእንፋሎት አቅም ወደ 10,000 ሜጋ ዋት ይገምተዋል። እንፋሎት ዝናብ አይጠብቅም፣ ሌሊትም አይተኛም፤ ከግድብም ከነፋስም የሚለየው በዚህ ነው። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ጀምራ ዛሬ 40 በመቶ ገደማ ኤሌክትሪኳን ከእንፋሎት ታገኛለች። መሬቱ ያው አንድ ሸለቆ ነው። ልዩነቱ ባዶ የሚወጣውን ጉድጓድ ዕዳ ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው። ኬንያ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የመንግሥት ኩባንያ አለ፤ መጀመሪያ መንግሥት ይቆፍራል፣ እንፋሎቱ ከወጣ በኋላ ለግሉ ይሸጣል። እኛ ቱሉ ሞዬንና ኮርቤቲን ለግል ኩባንያ ሰጥተን በኃይል ግዢ ውሉ ላይ ለዓመታት ስንነጋገር ኖርን፤ ቱሉ ሞዬና አሉቶ ላይ ለመቆፈር የመጣውም የኬንያው ኬንጄን ነው። ጎዴ ላይ ድፍድፍ ላልተገኘለት ማጣሪያ የታሰበው ገንዘብ ትንሹ ክፍል እዚህ ቢውል፣ ቱሉ ሞዬ ላይ አሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ ሦስቱ ባዶ ቢወጡ እንኳ የሰባቱ እንፋሎት የሚያመነጨው መብራት የዝናቡን ዓመት አይጠብቅም።